አዎ አዎ እያልክ ውረድ

እኔ አንድ በሽታ አለብኝ። ሐኪም አያውቀውም፣ ኢንሹራንስም አይሸፍነውም። ሰው ሲናገር አላስጨርስም። ሰውየው «ትናንት» ብሎ ትንፋሹን ሳይሰበስብ እኔ ትናንት ምን እንደገጠመው ገምቼ፣ አዝኜለት፣ መክሬው፣ በራሴ ላይ የደረሰውን የባሰ ነገር ጀምሬለታለሁ። ባለቤቴ ብርቄ እንደምትለው ከሆነ ለጋብቻ የጠየቅኋት ቀን «እሺ» የሚለውን ቃል የተናገርኩት እኔው ነኝ። ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኔ አመስግኜ ጨርሻለሁ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ነገሩ እስካሁን አልተጣራም።

ይኼን የማወራችሁ ላስቃችሁ ብቻ ብዬ አይደለም። በዚሁ በሽታዬ የተነሳ የአንድ ልጅ፣ ያውም የጨዋ ልጅ፣ ኑሮው ሊበላሽ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ቀኑ ግን ዓርብ ነበር።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። እዚህ አትላንታ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ የምታመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሻትል ይሏታል። ከተማሪዎች ማደሪያ ወደ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያ፣ ተመልሳ ማደሪያ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ያንኑ ክብ ስዞር ስለምውል የማወራለት ሰው አላጣም። ተሳፋሪውም ቢሆን ፌርማታ እስኪደርስ የትም አያመልጥም።

የምርጫ ፍቅር የያዘኝ ከዶራቪል ለቀን ቻምብሊ የምትባል የአትላንታ ዳርቻ ከተማ ከገባን ወዲህ ነው። አፓርታማችን ፊት ለፊት ያለው መንገድ እንደ ባሕር ሰፊ ነው፤ ብርቄ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ለመያዝ ስትሻገር እኔ መስኮት ላይ ቆሜ የማውቃቸውን መላእክት በሙሉ እጠራለሁ። የእግረኛ መብራት ይተከልልን ብዬ የከተማው ስብሰባ ላይ ሄድኩ። የተሰጠኝን ደቂቃ ጨርሼ፣ ያልተሰጠኝንም ጨምሬ ተናገርኩ። ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ጥሩ ተናግረሃል፣ ግን የናንተ ሠፈር ሰው ለከተማ ምርጫ አይወጣም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሁላችንም ሊቃውንት ነን፤ መብራቱን የሚተክለው ሰውዬ ሲመረጥ ግን ማን ከማን ጋር እንደተወዳደረ እንኳ አናውቅም። ተማሪዎቹማ ጭራሽ ምርጫ መኖሩንም አልሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻትሌ ላይ የወጣ ሁሉ ሳይመዘገብ እንዳይቀር ማልኩ።

ልጄ ሕሊና እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ተማሪዎችን ለከተማ ምርጫ የሚያስመዘግብ ክበብ ውስጥ ትሠራለች። ሥልጠና ወስዳለች፤ ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል ታውቃለች። እና ባለፈው ሴፕቴምበር፣ ላይብረሪው በር ላይ ጠረጴዛ ሊያወጡ በነበረበት ዋዜማ «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ እንዳትመጣ» አለችኝ። እኔ «ዳዲ፣ ፕሊስ» የሚለውን ሰማሁና ሄድኩ።

ባዶ እጄን ግን አልሄድኩም። ሐበሻ ሰውን ጉዳይ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ይህን ሥልጠና ደግሞ እኔ ወስጃለሁ። ብርቄ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ላለ ምግብ ቤት ሳምቡሳ ትሠራለች። ቀኑ ጾም ነውና አንድ ትሪ የምስር ሳምቡሳ አስጠቅልዬ ከተፍ አልኩ። ሕሊና ስታየኝ ዓይኗን ጨፈነች። ከምዝገባ ቅጽ ጋር ምግብ መስጠት፣ ላይክ፣ በሕግ አይቻልም አለችኝ። ይኼ ስጦታ አይደለም፣ ሳምቡሳ ነው አልኳት። በመጨረሻ ትሪዬን ይዤ ራቅ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ እንድቀመጥ፣ ወደ ጠረጴዛው ዝር እንዳልል አስምላኝ ወደ ክላሷ ሄደች። መሐላዬም እሷ ከዓይኔ እስክትሰወር ድረስ ጸና።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው ማርከስ የሚባል ጓደኛዋ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ደንብ የሚያከብር አሜሪካዊ ልጅ። እሱ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሲነጋገር እኔ አንድ ቅጽና አንድ እስክሪብቶ «ተውሼ» ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ያኔ ነው አንድ ቀጠን ብሎ ረዘም ያለ ልጅ ከፈረንጅ ጓደኞቹ ተለይቶ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ ያለኝ። እንግሊዝኛውን ቅድም ስሰማው እዚሁ የተወለደ መስሎኝ ነበር፤ ጎንበስ ሲል ደግሞ ትናንት የመጣ መሰለኝ። አንጀቴን በላው። አንድ ሳምቡሳ ሰጠሁት። በሞቴ ብዬ ሁለተኛ፣ አንድ እግር ጥሩ አይደለም ሁለትም ጎዶሎ ነው ብዬ ሦስተኛ አከልኩ። ከዚያ ቅጹን ጭኑ ላይ፣ እስክሪብቶውን እጁ ላይ አኖርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ገና...» አለ።

እኔ ላስጨርስ? ገና፣ ገና፣ ገና እያላችሁ ነው አገሩን የምትገድሉት ብዬ ተነሳሁበት። ስለ መንገዱ ነገርኩት። ስለ ብርቄ አሻጋገር ነገርኩት። ወጣቱ እንዴት ሰነፍ እንደሆነ፣ እኛ በእሱ ዕድሜ እንዴት ያለን ንቁ እንደነበርን ነገርኩት፤ እኛ እንኳ ንቁ አልነበርንም፣ ግን እሱ በምን ያውቃል። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ ቆመ። ምን ያቆምሃል አልኩት። ሁሉም አዎ ነው፣ አዎ አዎ እያልክ ውረድ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ግማሽ የቀረችውን ሳምቡሳ አየ። ከዚያ አዎ አለና ፈረመ። ቅጹን ፖስታ ውስጥ ከትቼ በምላሴ አርጥቤ ያሸግኩት እኔ ነኝ፤ የተሞሉት ቅጾች የሚጠራቀሙበት የማርከስ ሣጥን ውስጥ የጨመርኩትም እኔ ነኝ። አንድ ነፍስ ከሲኦል እንዳወጣ መነኩሴ ደረቴን ነፍቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ዓርብ ዓርብ ፈረቃዬ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ሰዓት የምቆጥረው እስካሁን በሐበሻ ነው፤ ሕሊና ብትናደድም አልቀየርኩም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ያ ልጅ ሻትሏ ውስጥ ገብቶ ከኋላዬ ያለችው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ያብስራ አለኝ። የእነማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ የወይዘሮ አስካለ። ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅሁትም፤ አወራሁለት እንጂ። ማደሪያው ጋ አልወረደም። ላይብረሪ አልወረደም። ባቡር ጣቢያም አልወረደም። ወሬዬ ጥሞት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ዛሬ ዛሬ እንዲህ የሚያዳምጥ ወጣት ጠፋ አልኩት።

ዘጠኝ ተኩል አካባቢ ይመስለኛል፣ ትንፋሽ ስወስድ ጣልቃ ገባና ቀስ ብሎ ማክሰኞን በጸሎትዎ ያስቡኝ አለኝ። ፈተና ነው አልኩት። አይ፣ ቀጠሮ አለኝ፣ የዜግነት አለ።

እልል ማለት ነው የቀረኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ የራሴን የዜግነት ቃለ መጠይቅ ተረክሁለት። መርማሪው እንዴት ኮስታራ እንደነበር፣ ክራባቴ እንዴት እንዳነቀኝ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ። ሰው ገድለህ ታውቃለህ ወይ ይሉሃል፣ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ይሉሃል፣ አይደለሁም አላውቅም እያልክ ነው እንግዲህ፤ ለምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ...

እዚህ ላይ አፌ በራሱ ጊዜ ቆመ። ብርቄ ብታይ ኖሮ ስለት ታገባ ነበር።

«ያብስራ» አልኩ። «ጠዋት ያ ወረቀት ላይ፣ ዜጋ ነህ ወይ የሚለው ጋ ምን አልክ?»

«አዎ በል አሉኝ፣ አዎ አልኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ጀምሬ ነበር ጋሼ። እርስዎ እየተናገሩ ሳቋርጥ ነውር መሰለኝ። ደግሞ ሦስት ሳምቡሳ በልቼ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?» ቀጠለና «ይኼው ልነግርዎት ሦስተኛ ዙሬ ነው» አለ።

ሦስተኛ ዙሩ ነው። ልጁ እኮ ሲያዳምጠኝ አልነበረም፤ ወሬዬ የሚያልቅበትን ሲጠብቅ ነው። እኔ ስለ እግረኛ መብራት ስደሰኩር እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ ላብ ያጠምቀዋል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ ለምርጫ መመዝገብ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ዜግነቱ ቀርቶ ግሪን ካርዱም ሊሄድ ይችላል። እሱ ከቀትር ጀምሮ ስልኩ ላይ ሲያነብ ውሎ ይኼን ሁሉ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። እኔ የማውቀው ፖስታውን ያሸገው የእኔ ምላስ እንደሆነ ነው።

እየነዱ ስልክ መንካት አይፈቀድም። ፌርማታ ላይ ስቆም ስልኬን ለእሱ ሰጠሁትና ለሕሊና ደወለ። አታነሳም፤ እኔ ስደውል አንስታም አታውቅ። ጻፍላት አልኩት። መልሷ ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ መጣ፤ እሱ አነበበልኝ። ማርከስ ሣጥኑን ይዞ ወደ ካውንቲው የምርጫ ቢሮ ሄዷል። ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እነሱ የማንንም ቅጽ አውጥተው ማስቀረት አይችሉም፣ ወንጀል ነው። ማርከስ እየነዳ ስለሆነ ስልክ አያነሳም። ማድረግ የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅጹ ባለቤት ራሱ ቶሎ ሄዶ፣ ቢሮው ከመቀበሉ በፊት ወረቀቴን አልሰጥም ይበል። መጨረሻ ላይ ለእኔ የተጻፈች ነገር ነበረች፤ ልጁ ጨዋ ስለሆነ አላነበበልኝም።

ጥድፊያ ውስጥ ስትሆን ዓለም ሁሉ ቀስ ይላል። ፈረቃዬ ሊያበቃ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረው ነበር፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጥዬ አልሄድ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አንድ ፕሮፌሰር ጠበቁኝ። መወጣጫውን አወረድኩ፤ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል። ወንበራቸውን በቀበቶ አሰርኩ። እሳቸው ስለ አየሩ ጥሩነት ነገሩኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አየር ምንም የምለው አጣሁ። ማደሪያው ጋ ስንደርስ ደግሞ ተማሪ በሙሉ አንድ በአንድ ሲወርድ ሹፌሩን ማመስገን የዩኒቨርሲቲያችን ደንብ ነው። አርባ ሰው አመሰገነኝ፤ አርባ ጊዜ ምንም አይደለም አልኩ። ያብስራ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

አሥር ሰዓት ላይ ሻትሏን ለተረካቢው ጥዬ ልጁን እየጎተትኩ ወደ ኮሮላዬ ሮጥኩ። ከኋላ ልቀመጥ ወይ አለኝ። በዚህ ሰዓት እንኳ ያከብረኛል! ግባ አልኩት።

የዓርብ ትራፊክ ደግሞ አታውቁትም፤ ወይም ታውቁታላችሁ፣ ያኔ አብረን አልቅሰናል ማለት ነው። ብራያርክሊፍ ላይ ደርሰን ቆምን። መኪናው ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ብርቄ ናት። ትሪውን የት አደረግኸው አለች። ነገሩን ነገርኳት፤ ነገርኳት ማለት ስለ ማርከስ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ ሄድኩ፣ ወደ መወጣጫው ስደርስ አቋረጠችኝ። የአስካለ ልጅ ነው አጠገብህ ያለው አለች። አዎ አልኩ። «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «በእናትህ ዛሬ እንኳ ዝም ብለህ ንዳ።» ዘጋችው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ሞክሬው ስለማላውቅ መንቀዝ አለመንቀዙን አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ። ሁለት መብራት እስክናልፍ ዝም አልኩ። ያኔ ልጁ በራሱ ጊዜ መናገር ጀመረ።

አባቱ አዲስ አበባ ናቸው። እናቱ ዲቪ ደርሷት እሱን ይዛ ስትመጣ አባቱ በወረቀት ጉዳይ ቀርተዋል። ባለፈው ወር ሃያ አንድ ሞልቶታል፤ ዜጋ ከሆነ እሱ ነው የሚያመጣቸው። ሰውየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች በሙሉ አስፈልገው አግኝተው በቃላቸው አጥንተዋቸዋል። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይደውሉና ልጃቸውን ያጠኑታል። የእኛን ክፍለ ግዛት፣ የጆርጂያን፣ ሴናተሮች ስም ከእኔ አሳምረው ያውቃሉ። ያብስራ ሲሳሳት ከዚያ ሆነው በእርሳስ ጠረጴዛ ይመታሉ።

«አንዱ ጥያቄ ለዜጋ ብቻ የተፈቀደው ነገር ምንድን ነው ይላል» አለ፣ መስኮቱን እያየ። «መምረጥ። ሁልጊዜ እሱን ነው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ። እያወቅሁት ነው ጋሼ፤ ዛሬ እያወቅሁት ነው አዎ ያልኩት።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በመኪና ማቆሚያ ግቢ አቋርጬ ወጣሁ። በሌላ ጊዜ እንዲህ የሚነዳ ሰው ሳይ የማልለው የለም።

ቢሮው ጋ ስንደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። መኪናውን ፓርክ አደረግኩ ማለት ድፍረት ነው፤ ጣልኩት። በሩ ላይ ጥበቃው ኪስህን አራግፍ አለኝ። ቁልፍ፣ ቦርሳ፣ ከጠረጴዛው «የተዋስኳት» እስክሪብቶ፣ በፎይል የተጠቀለሉ ሁለት ሳምቡሳዎች። ይኼ ምንድን ነው አለኝ። እጄ አመሉን አይተውም፤ አንዱን ዘረጋሁለት። ያብስራ ከኋላዬ ይተዉት ጋሼ አለኝ፣ በተሰበረ ድምፅ።

ትራፊኩ እሱንም አዘግይቶት ኖሮ፣ ማርከስ ሣጥኑን ታቅፎ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ከፊቱ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። ሮጠን ደረስንበት፤ እኔ ሣጥኑን ያዝኩት። እሱም ያዘው። ለካ እኔ «ጋሼ» የተባልኩት ሰውዬ የምርጫ ሣጥን በአደባባይ እየጎተትኩ ነው! ማርከስ በትሕትና፣ ሳይቆጣ፣ ለማንም አውጥቼ መስጠት አልችልም፣ መስኮቱ ጋ ይወሰን አለ። ሴትየዋ ጨርሳ ሄደች። ተራችን ሆነ።

መስኮቱ ጋ ያሉት ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ማርከስ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳቸው፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት እንደሚቻል ያኔ ነው ያየሁት። ወረቀቱ የማን ነው አሉ። እኔ ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ ስጀምር «የጠየቅሁት እሱን ነው» አሉኝ።

ያብስራ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ዜጋ አለመሆኑን፣ ማክሰኞ ቀጠሮ እንዳለው፣ ወረቀቱን መመለስ እንደሚፈልግ ነገራቸው። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። አዎ ብለህ ምልክት ያደረግህ አንተ ራስህ ነህ ብለው ጠየቁት፤ እኔ ነኝ አለ። ጥያቄውን አንብበኸው ነበር አሉት፤ አንብቤዋለሁ አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

«እንዲህ አድርግ ያለህ ሰው አለ?»

ያብስራ ጫማውን ተመለከተ። ምን እንደሚል ከመናገሩ በፊት አወቅሁ፤ በዚህ በኩል ልምድ አለኝ።

«ማንም የለም» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አያችሁልኝ? ሰጥሞም ያከብረኛል። ማንም ሳይለው አውቆ ነው ያደረገው ከተባለ ደግሞ ማክሰኞ አበቃለት። አባቱ እርሳሳቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ ማለት ነው። እኔ ብናገር ሥራዬ አለ፤ የሕሊና ክበብ አለ፤ ምግብ በማብላቴ ደግሞ ሕግ ጥሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠየቅ ስናገር የኖርኩ ሰውዬ፣ መናገር ግዴታ ሲሆንብኝ ምላሴ ታሰረ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ገና ሲለኝ አቋረጥኩት። ሲያመነታ አዎ አዎ እያልክ ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ያሸግኩትም እኔ ነኝ። ሳምቡሳም አብልቼዋለሁ።»

ሳምቡሳ ምንድን ነው አሉ። ከኪሴ አውጥቼ በማስረጃነት መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ማርከስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሴትዮዋ ሳምቡሳዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ። ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ ስሙ ያለበትን ፖስታ ፈልገው አወጡ። ይህን ወረቀት እኔ ገና አልተቀበልኩትም አሉ። እስካልተቀበልኩት ድረስ የባለቤቱ ነው ብለው ለያብስራ ሰጡት። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ቅጹ ቢሮው ሳይቀበለው በባለቤቱ ጥያቄ እንደተመለሰ ጽፈው ፈረሙለት። እንዳትቀደው፣ ለጠበቃ አሳይ፣ ማክሰኞ ከጠየቁህ ሁሉንም እንዳለ ተናገር አሉት። ወደ እኔ ዞረው ከቅጽና ከምግብ አንዱን ምረጥ አሉኝ። ምግቡን መረጥኩ።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ሕሊና አላናገረችኝም፤ ክበቧ አጠገብ ዳግመኛ እንዳልደርስ በእንግሊዝኛ ጽፋ አስፈረመችኝ፣ ይህንንም አንብቤ ነው የፈረምኩት። ሰኞ ብርቄ የምታውቃት ጠበቃ ወረቀቱን አይታ አብሬው እሄዳለሁ አለች። ማክሰኞ ከሰዓት ሻትሌን እያዞርኩ እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ አንገቴን አሰግጋለሁ። አንድ ዙር፣ የለም። ሁለት ዙር፣ የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ ላይብረሪው ጋ ቆሟል፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ፊቱ አይነበብም። ወጣና አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ» አለ። «እኔ ገና...»

ምላሴን ነከስኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። አልነቃነቅም አልኩ። ይጨርስ።

«እኔ ገና አላመንኩትም» አለ። «ያን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የሴትዮዋን ወረቀት አነበቡ፤ ወጥተው ቆይተው ተመለሱ። አልፈሃል አሉኝ። መሐላው ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሻትሏ ውስጥ አለቀስኩ። ተማሪዎቹ ሲወርዱ በወትሮው ደንብ አመሰገኑኝ፤ እኔም መልሼ አመሰገንኳቸው።

መሐላውን የፈጸመው የምርጫው ምዝገባ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ቀን ከማርከስ የወሰደውን አዲስ ቅጽ ይዞ ሻትሏ ላይ ወጣና የዱሮዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች፣ ትንንሿን ጽሕፈት ሳይቀር ያነብ ጀመር። ማደሪያውን አለፍን። ባቡር ጣቢያውን አለፍን። ኪሴ ውስጥ ሳምቡሳ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ጋ ሲመለስ እስክሪብቶውን አነሳና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እኔ መንገዱን አየሁ።

«አዎ» አለ፣ ራሱ። ምልክት አደረገ።

የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ብርቄን አስቀመጥኳት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጠየቅኋትን ጥያቄ እንደገና ጠየቅኋትና አፌን ዘጋሁ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አየችኝ። ከዚያ ቆየች፤ በጣም ቆየች። እኔ ግን ጠበቅሁ፣ እሷም መለሰች። ምን እንዳለች ማወቅ የሚፈልግ እሷን ይጠይቅ፤ እኔ በሰው አፍ አልናገርም።